ከበሩ ደፍ ሥር የነበረው ፊት

ለማንም ነግሬ የማላውቀውን ነገር በመጀመሪያው መስመር ላይ ላስቀምጠው፤ ወደ ታች ካወረድኩት ሳልጽፈው እንዳልቀር እፈራለሁ። የአባታችንን የቆመ ድንጋይ አንተ አልሸጥከውም። የት እንዳለ እኔ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቅ ነበር።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበል፣ ወንድሜ። ጤናህ እንዴት ነው? የሞያሌ ሙቀት በርትቶብሃል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ወገብህስ ተሻለህ? ልጆችህ መቼም አድገዋል። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለቤቴን፣ ወንድምህን፣ ከቀበርን ወዲህ ቤቱ ጭር ብሏል፤ ቡናው ግን ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ይዟል። ብዙ እንደማላወራ ታውቃለህ። ዛሬ ግን ላወራ ነው፤ አዲስ አበባ ሄጄ መጣሁ። እባክህ ታግሠህ አንብበው፤ ስለ ድንጋዩ የምናገርበትን ልብ ያገኘሁት በዚያ መንገድ ነውና።

ዲላ ቤተ መጻሕፍት እየተገናኘን የምናነብ ሴቶች አለን። ሰብሳቢያችን ሮሆቦት የምትባል የሥዕል መምህርት ናት፤ በዕድሜ ልጄ ትሆናለች። ስለ ሥዕል ከመጽሐፍ ብቻ እያነበብን እስከ መቼ፣ ሄደን በዓይናችን እንየው ብላ ወተወተችን። ሚኒባስ ተከራይተን ገና ሳይነጋ ተነሣን። እኔ ጫማዬን አድርጌ ነው ያደርኩት ብልህ ታምነኛለህ? አጠገቤ የተቀመጠችው ሀዲጃ ናት፤ ገበያው ዳር ጨርቅ የምትሸጠው። ሻሸመኔ እስክንደርስ ሰውን ሁሉ አሳቀች፤ ሠዓሊዎቹ ቆንጆ ሴት ፈልገው ቢያስቀሩኝ ሱቄን አደራ ትለኛለች።

መጀመሪያ የገባንበት ሙዚየም ግድግዳው ሁሉ ሥዕል ነው። እኔ በመጽሐፍ ያየኋቸው የመዳፍ ያህል ነበሩ፤ እዚያ ከቤቴ በር የሚበልጥ አለ። አንዱን ጠጋ ብዬ ሳይ ከቀዩ ቀለም ውስጥ የብሩሽ ፀጉር ተጣብቆ ቀርቷል። ሠዓሊው እዚሁ ቆሞ ነበር ማለት ነው፣ እጁ እዚህ ደርሷል ማለት ነው ብዬ ልቤ ዘለለ። ሮሆቦትን በእጄ ጎትቼ አሳየኋት። ሀዲጃ ደግሞ ነጠላ ለብሳ ከተሳለች ሴት ፊት ቆማ፣ ይህን ጥለት ስንት ዓመት ፈልጌ አጥቼዋለሁ፣ ሠዓሊው ከማን ሱቅ እንደገዛው ይጠየቅልኝ አለች። ጣቷን ስታስጠጋ ጥበቃው፣ እማማ፣ በዓይን ብቻ አላት። ከዚያ በኋላ እስክንመለስ ድረስ ብስኩት ስታድለን እንኳ በዓይን ብቻ እያለች ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሌላ ሙዚየም ሄድን። እዚያ ግቢው ሣር ላይ ድንጋዮች ቆመዋል። አስጎብኚው ከየት እንደመጣን ጠየቀ። ከጌዴኦ ስንለው ፊቱ በራ፤ ይህ እኮ ከእናንተው አገር ነው፣ እናንተ ልትነግሩኝ ሲገባ እኔ ልነግራችሁ ነው አለ። የጥንት ሰዎች ለሙታናቸው እንዳቆሙት አስረዳን። ሴቶቹ ተሻምተው ከድንጋዩ ጋር ፎቶ ተነሡ። እኔ ከኋላ ቀረሁ። ክብ ዓይን፣ ረጅም አፍንጫ፣ አፍ የለውም። የእኛ አይደለም፤ የእኛው ግን ወንድም ነው። ዙሪያውን ገመድ ስበውለታል። እኔ ለእኛው ድንጋይ ምን እንዳደረግኩለት አሰብኩ።

ያን ጊዜ ገና ሙሽራ ነበርኩ። ውኃ ለመቅዳት በእንሰቱ መካከል ሳልፍ እዚያ የቆመው የአባታችን ድንጋይ ፊት ያየኛል። ወንድምህ ለቡና ንግድ ይርጋጨፌ ሲሰነብት ብቻዬን እቀር ነበር፤ ድንጋዩ የሄድኩበትን የሚከተል ይመስለኝ ነበር። አዲሱ ቤት ሲሠራ ግንበኞቹ ለበሩ ደፍ የሚሆን ረጅም ድንጋይ አጣን አሉ። አባታችን ለቅሶ ሄደው ነበር። በእጄ ጠቆምኩት። ከሩቅ የመጡ ሰዎች ስለነበሩ ምን እንደሆነ አላወቁም። ፊቱን ወደ ታች አድርጉልኝ አልኩ፤ አደረጉት። ግንበኞቹም ሥራቸውን ጨርሰው ወደ አገራቸው ሄዱ።

የቀረውን አንተ ከእኔ የበለጠ ታውቀዋለህ። አንተ በዚያ ሰሞን ከከተማ ነጋዴዎች ጋር ትታይ ስለነበር ለእንግዳ ሸጦታል ተባለ። ሶንጎው ተቀመጠና ሽማግሌዎቹ መካከል አቁመው ጠየቁህ። አልወሰድኩም አልክ። ታዲያ ማን ወሰደው ሲሉህ ዝም አልክ። ሶንጎ ላይ ውሸት አይነገርምና ዝምታህን ጥፋት አድርገው ቆጠሩት። አባታችን ከቡናውም ከእንሰቱም ድርሻህን ከለከሉህ። በዱላቸው መሬቱን እየመቱ ሲረግሙህ ቆመው የነበሩት በደፉ ላይ ነው፤ እዚያው ድንጋይ ላይ። እኔ ከውስጥ ሆኜ አየሁ። አፌን አልከፈትኩም።

በማግሥቱ የሄድነው አንዲት ሠዓሊ ወደምትሠራበት ክፍል ነው። ኤልቤቴል ትባላለች፤ ጣቶቿ በቀለም ጠቁረዋል፣ ፀጉሯን በእርሳስ ወግታ ይዛዋለች። ብሩሽ ሳትይዝ ሥዕል ስትሠራ አሳየችን። ስስ ወረቀት በአንድ ነገር ላይ ታለብሰዋለች፣ በላዩ ከሰል በቀስታ ታሻለች፤ ከሥር ያለው ሁሉ በወረቀቱ ላይ ይወጣል። ለእያንዳንዳችን ወረቀትና ከሰል ሰጠችን። ያን ጊዜ ብታየን። ትልልቅ ሴቶች ወለል ላይ ተንበርክከን ስንስቅ፣ የጎረቤታችንን ወረቀት ስንነጥቅ። ሀዲጃ አምባሯን አሸችና፣ አሁን ሁለት አለኝ፣ አንዱን ለምራቴ እሰጣለሁ አለች። እኔ የቆየ በር ላይ ያለ ቅርጽ አሸሁ። ምንም አይታይበትም ያልኩት እንጨት አበባ ኖሮበታል። ኤልቤቴልን ጠየቅኳት፤ ብዙ ዘመን አፈር ውስጥ የቆየ ነገርም ይወጣል ወይ አልኳት። እሷም እንዲህ አለችኝ፦

«አፈር እኮ ይጠብቃል፣ እናቴ። የሚያጠፋው ዝናብና እግር ነው።»

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ሁሉም ዘፈነ፤ እኔም ዘፈንኩ። ደስታውና ፍርሃቱ በአንድ ላይ ደረቴን ሞሉት። ቤት በደረስኩ ማግሥት ግንበኛ ጠራሁና ደፉን አስነሣሁ። ጎረቤት ምን ሆንሽ ብሎ ተሰበሰበ። ድንጋዩ ሲገለበጥ ሁሉም አንገቱን አስግጎ አየ። ፊቱ ምንም አልሆነም፣ ወንድሜ። ሙዚየም ካየሁት ይልቅ ጥርት ያለ ነው፤ የዓይኑ ክብ ትናንት የተቀረጸ ይመስላል። በውኃ አጠብኩት። አሁን አያስፈራኝም። ወረቀት አለበስኩትና በከሰል አሸሁት፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ታጥፎ የምታገኘው እሱ ነው። ስትከፍተው ከሰሉ እጅህን ያጠቁረዋልና ተጠንቀቅ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። በሄድክበት ጠዋት የአማርኛ መጽሐፍህን በሩ ላይ ትተህልኝ ነበር። ማንም ሳያስተምረኝ ፊደል የለየሁት በእሱ ነው፤ ይህን ሁሉ የምጽፍልህም በእሱ ነው። ያን ጠዋት ሻንጣህን ይዘህ ስትወጣ ሁሉም የሚረግጠውን ደፍ አንተ አልረገጥከውም፤ እግርህን ከፍ አድርገህ ተሻገርከው። ዘወር ብለህም አየኸኝ። ያን አተያይህን እስከ ዛሬ ሳስበው እኖራለሁ። ድንጋዩ ከሥሩ እንዳለ ታውቅ ነበር ወይ? መልሱን በጽሑፍ አልፈልገውም። መጥተህ ንገረኝ። ድንጋዩን ወደ ቦታው ለመመለስ ሰው ያስፈልገኛል፤ መጀመሪያ የሚይዘው እጅ ያንተ ይሁን። ድርሻህ ቡናው እንደተለቀመ ይጠብቅሃል።

እግዚአብሔር ወገብህን ያጽናልህ፤ ልጆችህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ፤ የምትመጣበት መንገድ የሰላም ይሁንልህ። በእኔ ምክንያት የወጣብህን እርግማን እሱ በምርቃት ይለውጥልህ።

ድንጋዩን የፈራችው ሙሽራ፣
የወንድምህ ሚስት

ይህን ወረቀት ግን መጀመሪያ የምትቀበለው አንተ አይደለህም። ያን ጊዜ ከጠየቁህ ሽማግሌዎች በሕይወት ያሉት አቶ ሽብሩ ብቻ ናቸው፤ ለእሳቸው እሰጣለሁ። ቅዳሜ ሶንጎው ሲቀመጥ ሰው ሁሉ እየሰማ ከመጀመሪያው መስመር ጀምረው ያነቡታል፤ የሀዲጃን ቀልድ እንኳ አልሰረዝኩም። አንተ በቆምክበት ቦታ እኔ እቆማለሁ። አንብበው ሲጨርሱ አጥፈው ለአንተ ይልካሉ።