በጦይባ ላይ የተላከከው ቁስል

ለተከበሩ ታላቅ ወንድሜ ለጋሼ እጅጉ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ያ የጉልበትዎ ሕመም ተሻለዎት? እትዬ አስካለስ እንዴት ናቸው? ኮምቦልቻ ዝናቡ ጣለላችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ይህን የምጽፍልዎ ግን ተናድጄ ነው።

የጎረቤትዎ የወይዘሮ ናፊሳ ልጅ ጦይባ እዚህ ቤይሩት የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ነበር። ቁስሏ መግል ቋጠረ፤ ከእርሷ በኋላ የታከሙ ሦስት ሕሙማንም ቁስላቸው አመረቀዘ። ምንም ሳይመረመር አንዲት የሆስፒታሉ ኃላፊ፣ «እነዚህ ሰዎች ከሳብራ ገበያ ይዘውብን የሚመጡት ነው» አሉ፤ ሳብራ እኛ ስደተኞች የምንገበያይበት ሰፈር ነው። በቤት ሠራተኝነት የምታገለግላት ማዳሟም «ኸላስ፣ በቃ! እኔ ሕፃናት አሉኝ» ብላ ስፌቷ ሳይፈታ ልብሷን በፌስታል ደጅ አወጣችባት። ይባስ ብሎ፣ እሑድ እሑድ ምግብ ቋጥረው ሕመምተኛ የሚጠይቁት የእኛው ሴቶች የእርሷን በር አልፈው ሄዱ። ወሬው እናቷ ዘንድ መድረሱን ስሰማ፣ የማኅበረሰባችን ሰብሳቢ ነኝና ምርመራ እንዲደረግ ሆስፒታሉን በጽሑፍ ጠየቅሁ።

ዶክተር ሐናን የተባሉ የላቦራቶሪ ባለሙያ ከሕሙማኑ ቁስል፣ ከጦይባ አፍንጫና ቆዳ፣ ከቀዶ ጥገናው ክፍልም ናሙና ወስደው የባክቴሪያዎቹን ዘረመል አስተያዩ። ያኒ፣ ማለቴ፣ ስሙ አንድ የሆነ ባክቴሪያ ሁሉ ከአንድ ቦታ አይመጣም፤ ዝምድናው የሚታወቀው ዘረመሉ ሲታይ ነው። የአራቱም አንድ ዘር ሆነ። ያው ዘር የተገኘው ደግሞ ሐኪሞቹ ከቀዶ ጥገና በፊት እጃቸውን በሚታጠቡበት የፈሳሽ ሳሙና ዕቃ ውስጥ ነው! ዕቃው ሳይታጠብ፣ ባለቀ ቁጥር በላዩ ላይ ይሞላበት ኖሯል። በጦይባ አፍንጫና ቆዳ ላይ አልተገኘም። ከእርሷ በፊት ታክመው ቁስላቸው ያመረቀዘ የአንድ ሽማግሌ ናሙና በማቀዝቀዣ ተቀምጦ ነበርና እርሱም ሲመረመር ያው ሆነ። እንግዲህ ጋሼ፣ ገና ሆስፒታሉን ሳትረግጥ የሽማግሌውን ቁስል እንዴት አድርጋ ትበክላለች?

የሚያንገበግበኝ ስሕተቱ አይደለም፤ ስሕተት የትም አለ። ዕቃውን ወዲያው ለወጡት፤ ስሟን ለመመለስ ግን እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልተነፈሱም። የላኩላት በሪባን የታሰረ ቸኮሌት ነው። እርሷም «መርሲ ብለው ይመልሱልኝ ጋሼ ገብረኪዳን፤ ራሳቸው ይብሉት፤ መጀመሪያ ግን እጃቸውን ይታጠቡ» ብላ አሳቀችን።

አሁን ድና እኔና ባለቤቴ ሰላማዊት ዘንድ ናት። ሐሜቱ በአደባባይ ስለተወራ እውነቱም በአደባባይ ይነገር፤ በሚመሩት ዕድር ስብሰባ ላይ ወይዘሮ ናፊሳን ከፊት አስቀምጠው ይህን ያንብቡልኝ።

እትዬ አስካለን፣ ዮሴፍን፣ ሕይወትንም ከነልጆቿ በእኔ ስም ይሳሙልኝ። ለወይዘሮ ናፊሳ ግን ከእኔ ሰላምታ በፊት የልጃቸውን መልእክት ያስቀድሙ፦ «እማዬ አንገቷን ቀና አድርጋ ገበያ ትውጣ» ብላለች።

ታናሽ ወንድምዎ
ገብረኪዳን
ቡርጅ ኤል ባራጅነህ፣ ቤይሩት
ሚያዝያ 6 ቀን 2015 ዓ.ም.