ስኳድራ ያልነካው ጣውላ

ረቡዕ፣ ኅዳር 9፣ መርሳ

…ያኔ ጋሽ ይመር እጄን በእጃቸው ይዘው መጋዝ ሲያስተምሩኝ «ዓይንህን አትመን» ነበር ያሉኝ። ከዚያ ቀጥሎ ያሉትን ረሳሁት።

ዛሬ ወርክሾፔ መጡ። የእህቴን የሠርግ ሣጥን ማዕዘኖች፣ እንደ ርግብ ጭራ የሚጠላለፉትን፣ በእንጨት መቅረጫው ማሽን፣ በራውተር ልቆርጥ ስል ነው የደረሱት። የሣጥኑ ዋንዛ ከሟቹ አባታችን ግቢ የተቆረጠ ነው፤ ሌላ ጣውላ አልተረፈም። ጣውላውን ከእጄ ወስደው ከማሽኑ መደገፊያ ጋር አቆሙት፤ ጨምቆ የሚይዘውን ሞርሳም ራሳቸው አጠበቁት። ትንሽ ያዘነበለ መሰለኝ። የማዕዘን መለኪያው ስኳድራ አጠገቤ ነበር። ግን መምህሬ ያሰሩትን ፊታቸው ቆሜ እንዴት እለካለሁ?

«ምን ይገትርሃል? ሙሽራዋ አንተ ነህ እንዴ?»

«የለም ጋሼ፤ አንቱ ካጠበቁትማ ምን ይባላል» አልኩና ቆረጥኩ።

ጣውላዎቹን ሳገጣጥማቸው በአንድ ወገን ሳንቲም የሚያስገባ ክፍተት ቀረ። እንዳያዩት በመዳፌ ሸፈንኩት። እጄን ቀስ አድርገው አነሱና አውራ ጣታቸውን አስኬዱበት። ጣታቸው ክፍተቱ ላይ ቆመ።

«ሞርሳው ላልቶብኝ ነው» አልኩ።

«እኔ ያጠበቅሁት ሞርሳ ላልቶ አያውቅም።»

የእርሳቸውን ስህተት ልሸፍን ያልኩት ሰበብ እርሳቸውኑ እንደነካ ያኔ ገባኝ። ከዚያ ምርኩዛቸውን ፈልገው አነሱ። ደኅና ዋልም አላሉኝ። የቆርቆሮው በር ተዘጋ።