«ክፍተት» ብለው የጻፉት

ማክሰኞ፣ ሰኔ 9

ለምወድሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? «እኛ ደህና ነን» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ብዕሬ እምቢ አለኝ። ማተሚያ ቤት ውስጥ የወረቀት መቁረጫው ማሽን የአባዬን ቀኝ እጅ ሁለት ጣቶች ቆርጦበታል። አይዞሽ፣ ቁስሉ እየጠገገ ነው፤ ለሕይወቱ አያሰጋውም።

እኔን ያንገበገበኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ደብዳቤ ነው። «አደጋው የደረሰው በኮሙኒኬሽን ክፍተት ነው» ይላል። ከሥሩ አባዬ እንዲፈርም መስመር አስምረውለታል። ክፍተት! ሜካኒኩ የማሽኑ መከላከያ መበላሸቱን ጠዋት ለፎርማኑ ነግሮታል። ፎርማኑ ሥራው እንዳይቆምበት ብሎ ዋጥ አደረጋት። ከሰዓት አባዬ ተረኛ ሆኖ ገባ።

ስንት ዓመት እንግሊዝኛ ሳስተምር «ኮሙኒኬሽን» የሚለውን ቃል «መግባባት» ብዬ ሰሌዳ ላይ ጽፌ አልፌዋለሁ። ያን ቀን ግን ንዴቴ ትልቁን መዝገበ ቃላት አስወረደኝ። ከላቲን የመጣ ነው፤ ሥሩ «የጋራ ማድረግ፣ ማካፈል» ማለት ነው። ያለሽን ቆርሰሽ እንደመስጠት። ሁለት ክፍሎች በአንድ በር ሲገናኙም በዚሁ ቃል ይነገርላቸዋል። ያንን ጥራዝ በብብቴ ሸጉጬ ማተሚያ ቤቱ ሄድኩልሽ።

ሥራ አስኪያጁ ወንበር ሳበልኝ። «መምህር፣ ኮሙኒኬሽን እኮ የሁላችንም ኃላፊነት ነው» አለ።

«አባቴ እያወቀ ከእናንተ የደበቀው ምን ነገር አለ?»

«ኧረ እንደሱ ማለቴ አይደለም...»

«በሜካኒኩና በፎርማኑ ክፍል መሃል በር አለ። አሁን አይቼው መጣሁ፣ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ታዲያ ክፍተቱ የቱ ጋ ነው?»

ድምፄ ኮሪደሩን ሳያናውጠው አልቀረም። ሜካኒኩ እጁን በቡትቶ እየጠራረገ ገባ። «ሦስት ሰዓት ላይ ነግሬዋለሁ» አለ። «እንጀራዬን ቢያሳጣኝም እፈርማለሁ።» ፎርማኑ ተጠራ፤ «አዎ፣ ነግሮኛል» አለ። ማስተባበል እንኳ አልሞከረም።

ደብዳቤው እንደገና ተጻፈ። አሁን «ፎርማኑ ብልሽቱን እያወቀ ለሠራተኛው አልተናገረም» ይላል። አባዬ በግራ እጁ ፈረመ፤ ፊደሎቹ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ተንጋደው። «አያምርም አይደል?» አለኝ። ጣቶቹን ግን ማን ይመልስለታል?

እኔስ? በየእሑዱ ስትደውዪ «አባዬ ተኝቷል» ያልኩሽ ውሸቴን ነው። አጠገቤ ቁጭ ብሎ «ፈተናዋ ይለፍ፣ እንዳትነግራት» እያለ በደህና እጁ ይጠቅሰኝ ነበር። አራት እሑድ ሙሉ። በስልክማ አፌ ስላልታዘዘኝ ነው የጻፍኩት። ለዚህ ጥፋቴ ከየትም መዝገበ ቃላት የሚያምር ስም አልፈልግለትም።

ብትቀየሚኝ አይፈረድብሽም። ብቻ ለእሱ ደውዪለት፤ ራሱ ያነሳልሻል።

በሄድሽበት ሁሉ ቀና ይበልሽ፣ ክፉ አይንካሽ።

ያሳፈረሽ ወንድምሽ