ከገዛ ደሟ የሚሠራ መድኃኒት

ዓርብ

እያፈርኩም ቢሆን ልንገራችሁ፤ ዛሬም አፌን መያዝ አቃተኝ። አርብ ገበያ ቅቤ ስገዛ ባለቅቤዋ፣ «ያቺ ዶክተር እህትሽ ውጭ አገር ምን ትሠራለች?» ብትለኝ፣ «የልጆችን የጭንቅላት ዕጢ በገዛ ደማቸው ታድናለች!» አልኳት። ታድናለች! ለእረፍት የመጣችው እህቴ ሰብለ ብትሰማ በቁንጥጫ ትገድለኝ ነበር። እሷ የምትለው ሌላ ነው፦ ከልጁ ነጭ የደም ሴል ይወሰዳል፣ ዕጢውን ለይቶ እንዲወጋ በላቦራቶሪ ይሠለጥናል፣ ለልጁ ይመለሳል። ገና ሙከራ ላይ ነው። ይቺን የመጨረሻዋን ዋጥኳት።

ቅዳሜ

ወሬዬ አድሮ ላይኛው መንደር፣ ቤተ ልሔም ገብቷል። መምሬ ይርጋ የሚባሉ ቄስ የስድስት ዓመት ልጃቸውን ትርንጎን በበቅሎ ይዘው መጡ፤ ጠበሏን አቋርጠው። ግራ ዓይኗ ሸውርሯል። ስትራመድ ትንገዳገዳለች። ጠዋት ጠዋት ያስመልሳታል። ባሕር ዳር የተነሳችውን የጭንቅላት ፊልም መምሬ በነጠላ ጠቅልለውታል። ሰብለ ወደ መስኮቱ አንስታ አየችው፤ ወዲያው ዝቅ አደረገችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። ቁንጥጫው ይሻለኝ ነበር።

እሑድ

ከቅዳሴ መልስ እናቴ ሰብለን ጓዳ አስገብታ ያዘቻት። «ለወላጅ እንዲህ ያለ ነገር ፊት ለፊት አይነገርም፤ በነፍስ አባቱ በኩል ነው ወጉ!»

እኛ ዘንድ ያደሩት መምሬ ከሳሎን ሰምተዋል። «የአጥቢያውን መርዶ የማረዳው እኔ ነኝ» አሉ። «ለእኔ ማንን ልትልኩ ነው? ንገሪኝ ልጄ።»

ነገረቻቸው። ዕጢው ያለበት ቦታ ቢላ አይገባበትም። የእሷ ሕክምና አልደረሰም፤ የተሞከረላቸው ልጆች ጥቂት ናቸው፣ አብዛኞቹም አልተረፉም። አዲስ አበባ ያለው የጨረር ሕክምና ወራት ይጨምርላት ይሆናል እንጂ አያድናትም።

መምሬ መስቀላቸውን አውጥተው ሳሙ። «የጨረሩን ወረፋ ያዢልን» አሉ። «ለእናቷ ግን እኔ መናገር አልችልም። አብረሽኝ ነይ።»

ሰኞ

ሰብለና መምሬ ማልደው ወደ ቤተ ልሔም ወጡ። ትርንጎ እኛ ዘንድ ቀረች። ሰብለ ትናንት ያስጀመረቻት የማስታወክ ማስታገሻ ክኒን ያዘላት መሰለኝ፣ አላስመለሳትም። ገንፎ በላች! እናቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

ቀትር ላይ ልጅቱ አጠገቤ መጥታ እጅጌዋን ሰበሰበችና ክንዷን ዘረጋችልኝ።

«እትዬ፣ ደሜን መቼ ነው የምትቀዱት? አባባ አያምም ብሎኛል።»

እጅጌዋን መልሼ አወረድኩላት። ብርድ ነው አልኳት።

አሥር ሰዓት ሆነ፣ አልተመለሱም። እናትየዋ አዲስ አበባ ትሂድ ትል ይሆናል። ወይም ልጄን መልሱልኝ፣ ጠበሏን ትጨርስ። ሰብለ በበሩ ስትገባ፣ እናትየዋ ያለችውን ቃል በቃል ጠይቄ እዚሁ እጽፈዋለሁ።