የሚዘፍን ብሌንደር ስለሸጡልኝ ለኦቦ ጂሬኛ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር ኦቦ ጂሬኛ
የሸማቾች ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
እንዲሁም የ«ዘመናዊ ጓዳ» የቤት ዕቃዎች መደብር ባለቤት
ቺሮ

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎ ለአዴ ቀነኒና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና እመኛለሁ። በተለይም የመንጋጋ ጤና እመኛለሁ። ሰው መንጋጋ እንዳለው የሚያስታውሰው ሲሰበርበት ነውና፣ አላህ የእርስዎን ሳያስታውስዎ ያኑርልዎ።

ኮሚቴዎ ቅሬታ በቁጥር ተለይቶ ካልቀረበ እንደማይመረመር ስላስተማረኝ፣ እኔም በተቻለኝ መጠን በቁጥር ለማቅረብ ሞክሬአለሁ። ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግሁት ለሁለቱ ኃላፊነቶችዎ ሁለት ጊዜ ከምጽፍ አንዱን ሁሉም ቢያነበው ይሻላል ብዬ ነው።

እኔ የጫት ነጋዴው የሙሜ ባለቤት ሀሚዳ ነኝ። ባለቤቴ ከሂርና ጫት ጭኖ ሲመለስ የተሳፈረበት አይሱዙ ጠመዝማዛው ላይ ተገለበጠ። ሾፌሩ አልሐምዱሊላህ ልብሱን አራግፎ ተነሣ፤ ጫቱም በሌላ መኪና ተጭኖ ገበያ ሳይበተን ደረሰ። ያልደረሰው ሙሜ ነው፤ የታችኛው መንጋጋው ሁለት ቦታ ተሰብሮ ሆስፒታል ገባ። ሐኪሙ የላይኛውንና የታችኛውን ጥርሱን በሽቦ አስሮ፣ አጥንቱ እስኪገጥም ድረስ ለሳምንታት ምንም ነገር እንዳያኝክ፣ የሚበላው ሁሉ በስትሮ ማለፍ እስኪችል ድረስ ልሞ እንዲሰጠው አዘዘ። ዕድሜ ልኩን ሰው የሚያኝከውን ሲሸጥ የኖረ ሰው አፉ ተቆልፎ ቤት ተቀመጠ። ስንወጣ ሐኪሙ አንዲት ትንሽ የሽቦ መቁረጫ አስይዞኝ፣ «ትን ብሎት መተንፈስ ካቃተው ሽቦውን ቁረጪ፤ ሰው እስኪደርስልሽ እንዳትጠብቂ» አለኝ። እኔም መቁረጫዋን በመቀነቴ ቋጥሬ ከሆስፒታል በቀጥታ ወደ መደብርዎ መጣሁ።

ያን ዕለት ያደረጉልኝን መስተንግዶ አልረሳም። ወንበር አስመጡልኝ፣ ለሙሜም ምሕረት ተመኙለት። እኔ የጠየቅሁት ቀላል ነገር ነበር። «ሲከፍቱት የሚፈጭ፣ ሲዘጉት የሚቆም፣ በየቀኑ ቢሠራ የማይሰበር ብሌንደር ስጡኝ» አልኩ። እርስዎም በሀዘኔታ አዩኝና፣ «እህቴ፣ የምትይው ዓይነት እኮ ድሮ ቀርቷል፤ አሁን ሰው የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ነው» ብለው ከመስታወቱ ውስጥ አንድ የሚያብረቀርቅ ነገር አወጡ። ሰማያዊ መብራት አለው። ቁልፎቹ ላይ የዓሣ፣ የበረዶ፣ የኬክና የሕፃን ልጅ ሥዕል አለ። «ሥጋና ካሮት ለመፍጨት የትኛውን ነው የምጫነው?» ብዬ ብጠይቅዎ «ሁሉንም ይችላል» አሉኝ። ባለቤቴ ከአደጋው ወዲህ ከስኳር ውኃና ከወተት በቀር ምንም ስላልቀመሰ፣ ቆሜ የምከራከርበት አቅም አልነበረኝምና ገዛሁት። አሁን ወደ ቁጥሩ እገባለሁ።

፩ኛ. ብሌንደሩ ይዘፍናል። ፈጭቶ ሲጨርስ አንድ የማናውቀው ዜማ ያሰማል፤ መብራቱም አብሮ ብልጭ ድርግም ይላል። ጎረቤቴ ፋጤ በሽተኛ ልትጠይቅ መጥታ ይህን ስትሰማ ሙሜ ስልኩን እንዲያነሳ ነገረችው። ሳይፈጭ ሲቀርም ያንኑ ዜማ ይዘፍናል፤ ስለዚህ ከዘፈኑ ተነሥቶ ምግቡ ስለ መድረሱ ማወቅ አይቻልም። ቢሆንም በሐዘን በተቀመጠ ቤት ሙዚቃ ስላስገቡልን አመሰግናለሁ።

፪ኛ. ዕቃው የሚፈጨው አስቀድሞ የተፈጨን ነገር ነው። የተቀቀለ ሥጋና ድንች ብጨምርበት ምላጩ ሥር ሥሩን ውኃውን ብቻ እያዞረ ሥጋውን ከላይ እንደ እንግዳ አስቀመጠው። ተመልሼ ብጠይቅዎ፣ መጀመሪያ በደቃቁ ከትፌ፣ እስኪፈርስ ቀቅዬ፣ አቀዝቅዤ፣ በብዙ ውኃ በጥቂት በጥቂቱ እንድጨምር መከሩኝ። ምክርዎን በጥሞና አሰብሁበት። እኔ ከትፌ፣ እኔ ቀቅዬ፣ እኔ አፍርሼ ከሰጠሁት የእርሱ ድርሻ መዝፈን ብቻ ነው ማለት ነው። አኝከው ያጎረሱትን ሰው በላ ማለት ከተቻለ፣ ይህም ዕቃ ፈጨ ሊባል ይችላል።

፫ኛ. በዚህ ቁጥር ላይ ትንሽ እንድዘገይ ይፍቀዱልኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ሄድ መጣ ሲል ብሌንደሩ አቃሰተ፤ ከሥሩ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ፤ ምላጩን የሚያዞረው የፕላስቲክ ጥርስ ቀልጦ ኖሮ ሾርባው በጆጉ ቂጥ አልፎ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ሙሜ ስትሮውን በእጁ እንደያዘ ትራስ ተደግፎ ይጠብቅ ነበር። እኔን አየና በታሰረ ጥርሱ መሃል፣ «ተዪው ሀሚዳ፣ ጠግቤአለሁ» አለኝ። ከጠዋት ጀምሮ አንዲት ብርጭቆ ወተት ብቻ ነበር የጠጣው። ሱሪው በቀበቶ የማይያዝ ደረጃ ደርሶ ነበር፤ እንዳላዝን ብሎ እንደዋሸኝ ሁለታችንም እናውቃለን።

እኔም ሙቀጫ አወጣሁና ሥጋውን ወቅጬ፣ በሻሽ አጥልዬ ሰጠሁት። ሁለቴ ሳበ። በሦስተኛው አንዲት የሥጋ ክር ከሻሹ አምልጣ ኖሮ ትን አለው። የታሰረ አፍ ሲያስል አይተው አያውቁ ይሆናል፤ ሳሉ መውጫ አጥቶ ወደ ውስጥ ይመለሳል። ፊቱ ጠቆረ፣ ዓይኑ ፈጠጠ፣ እጄን ጨብጦ ያዘኝ። መቁረጫዋን ከመቀነቴ ፈትቼ ከንፈሩን በጣቴ ከፍቼ ሽቦው ላይ አሳረፍኋት። ልቆርጠው ነው፤ ከቆረጥሁት አጥንቱ ይከፈታል፣ የደረሰበት ሥቃይ ሁሉ እንደገና ከመጀመሪያው ነው። ካልቆረጥሁት ደግሞ ባሌ እፊቴ ይታፈናል። ፋጤ ሮጣ ገብታ ወደ ፊት አስጎነበሰችውና ጀርባውን መታችው፤ ክሯ በአፍንጫው በኩል ወጣች። ሽቦው ሳይቆረጥ ቀረ። እጄ ግን ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ መቁረጫዋን ሊለቅ አልቻለም፤ ፋጤ ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቅቃ ነው የወሰደችልኝ።

ለዚህ ምስጋና አላዘጋጀሁም። ሳገኝለት እልካለሁ።

፬ኛ. የቀለጠውን ዕቃ ይዤ ብመጣ፣ ዋስትናው በራሱ ጊዜ ለተበላሸ እንጂ ሲሠራበት ለተበላሸ እንደማያገለግል በትሕትና አስረዱኝ። ዋስትናው እንዲጸና ሳልጠቀምበት ማስቀመጥ እንደነበረብኝ ስላልነገሩኝ ጥፋቱ የእኔ ነው። ቅር ካለኝ ግን መብቴ መሆኑን አክለው ወደ ቅሬታ ሰሚው ኮሚቴ መሩኝ፤ መንገዱንም አሳዩኝ።

ኮሚቴው ዘንድ ስቀርብ ከጠረጴዛው ጀርባ መሃል ላይ ተቀምጠው አገኘሁዎ። መጀመሪያ ሊመሰክሩልኝ የመጡ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ከአጠገብዎ የነበሩት አባል፣ ልብስ ሰፊው አብዱናስር፣ የተቃጠለውን ዕቃ አገላብጠው አዩና፣ «ኦቦ ጂሬኛ፣ ይህ ከእርስዎ ሱቅ የወጣ አይደለም እንዴ?» ብለው ጠየቁ። እርስዎም ሳይደናገጡ፣ «ሱቄ እዚያ ነው ያለው፤ እዚህ እኔ ሰብሳቢ ነኝ» አሏቸው። አብዱናስርም፣ «እንግዲያው ባለሱቁ ይጠራና ይጠየቅ» አሉ። እርስዎ ግን ባለሱቁ ሥራ ስለሚበዛበት በቀጠሮ ማጉላላት እንደማይገባ ተናግረው፣ እርሱን ወክለው መልስ ሰጡ፤ መልሱንም ራስዎ አዳምጠው አጥጋቢ ሆኖ አገኙት። ውሳኔው ተነበበልኝ። ተጠቃሚዋ ስለ ዘመናዊ ዕቃ አያያዝ ግንዛቤ እንድታገኝ፣ የኃይል ማረጋጊያም እንድትገዛ። ማረጋጊያው የት እንደሚገኝ ብጠይቅ በከተማው የሚሸጠው አንድ መደብር ብቻ እንደሆነ፣ ስሙም «ዘመናዊ ጓዳ» እንደሚባል ነገሩኝ።

ቁጥሬ እዚህ ላይ ያልቃል፤ የሚቀረው ቅሬታ ስላልሆነ ቁጥር አላወጣሁለትም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ባለቤትዎ አዴ ቀነኒ በሽተኛ ልትጠይቅ መጣች። በፎጣ የተጠቀለለ ከባድ ነገር ታቅፋለች። ከሙሜ ጋር ሰላምታ ተለዋውጣ እንደጨረሰች ፎጣውን ፈታችው። አሮጌ ብሌንደር ነው። ጆጉ ወፍራም ብርጭቆ ሆኖ ከጆሮው በኩል ተሸርፏል፤ ገመዱ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሏል፤ ያለው አንድ መዘውር ብቻ ሲሆን ወደ ቀኝ ሲያዞሩት ይሠራል፣ ሲመልሱት ይቆማል። «ከመጋባታችን በፊት የገዛሁት ነው» አለችኝ። «ጂሬኛ ስንት ጊዜ ሊቀይረው ፈልጎ ነበር፤ ሱቅህን እንደፈለግህ አድርግ፣ ጓዳዬን ግን ተወኝ አልኩት። ላስቲኩ ሲያረጅ ከገበያ ገዝቼ ራሴ እለውጠዋለሁ። መብራት ሲዋዥቅ ነቅለሽ ትንሽ አሳርፊው፤ ሌላ ጣጣ የለበትም።»

የተቀቀለውን ሥጋ፣ ካሮቱን፣ ድንቹን በአንድ ላይ ጨምረን አዞርነው። ኦቦ ጂሬኛ፣ ይህ ዕቃ አይዘፍንም፤ ይጮኻል። ቤቱ ተንቀጠቀጠ፤ ፋጤ ከግቢዋ ሆና የጭነት መኪና በሩን የነካው መስሏት ወጣች። ጩኸቱ ሲቆም ግን ጆጉ ውስጥ ከክሬም የለሰለሰ ነገር ነበር። ሙሜ ሳበ። ፈራሁና አንገቱን አየሁ፤ ወረደ። ሳያቋርጥ እስከ ብርጭቆው ቂጥ ሳበው፤ ስትሮው ባዶውን እስኪያንኮራኩር ድረስ ሳበው። ከዚያም ብርጭቆውን ወደ ቀነኒ ዘርግቶ በጥርሱ መሃል፣ «ድገሚኝ» አላት። እኔ የማለቅሰውን ለመደበቅ ጆጉን ላጥብ ብዬ ወጣሁ። ቀነኒ ተከትላኝ ወጥታ ጀርባዬን አሻሸችኝ።

ከዚያን ቀን ወዲህ መዘውሩ በየቀኑ ዞሯል። ባለፈው ሳምንት ሐኪሙ ሽቦውን ፈታለት። አፉ ለጊዜው የሚከፈተው አንድ ጣት ያህል ነው፤ በዚያች ክፍተት በሻይ የራሰ ዳቦ በአንድ ጎኑ ቀስ እያለ አኘከ፤ ማኘኩ ደስ ስላለው ለመዋጥ አልቸኮለም። ጫት ገና አልተፈቀደለትም፤ ለጊዜው በንግዱ ብቻ ተወስኗል።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው። ከቦኬም ከመቻራም መንገድ አቆራርጦ የሚመጣ ሰው ለየዕለት ጓዳው የሚሆን ብሌንደር ሲጠይቅዎ፣ ጆጉ ብርጭቆ ወይም ብረት የሆነ፣ ምላጩን የሚያዞረው ጥርስ ፕላስቲክ ያልሆነ፣ ላስቲኩ ቢያረጅ ገበያ ውስጥ የሚገኝለት፣ አንድ መዘውር ያለውን ዕቃ አስመጥተው ይሽጡለት። መልኩን ካላወቁት ጓዳዎ ገብተው ይዩት።

የሱቅዎ መብራት እንዳይጠፋ፣ የኮሚቴዎም ወንበር እንዳይጠብብዎ፣ በሁለቱ መካከልም ሲመላለሱ እግርዎ እንዳይደክም ዱዓ እያደረግሁ፣ ከልብ የመነጨ አክብሮቴን በሁለቱም በሮችዎ አስቀምጫለሁ።

ገለቶማ፤
ሀሚዳ፣ የሙሜ ባለቤት
ከቺሮ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት አዴ ቀነኒ ብሌንደሯን መልሳ ልትወስድ ስትመጣ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ያለ እርሱ ስትቸገር ለምን ከሱቅዎ አንድ አዲስ አውጥታ እንዳልተጠቀመች ጠየቅኋት። የሰጠችኝን መልስ ለትዳርዎ ሰላም ስል እዚህ አላሰፈርሁትም። ነገር ግን ሙሜን እንኳን ለዚህ በቃህ ሊሉ የመጡት የሰፈሩ ሴቶች በሙሉ ቤቱ ውስጥ ነበሩና፣ ገበያ ሲወጡ ከሚያገኟት ከየትኛዋም ሊሰሙት ይችላሉ።