ቁርስ የሚበላ ጾመኛ

የካቲት 16

ለሚመለከተው ሁሉ! ለቀናት ተሰውሮ የነበረው የቴሌቪዥናችን ሪሞት ዛሬ ጠዋት ፍሪጅ ውስጥ፣ ከቲማቲሙ ጎን፣ በሙሉ ጤንነት ተገኝቷል። ትንሽ በርዶታል እንጂ ሌላ ጉዳት አልደረሰበትም። በጭንቀታችን ወቅት ከጎናችን ያልተለያችሁትን ሁሉ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል።

ማን እንዳስቀመጠው ምርመራ አያስፈልግም። የልጅ ልጄ ሃኒ ናት። ማስታወቂያውን ጮክ ብዬ አነበብኩላት።

«አባባ፣ የእርስዎ መነጽር ጫማ ውስጥ አልነበር እንዴ የተገኘው?»

«እኔ አርጅቼ ነው። አንቺስ?»

«እኔ የሐኪም ወረቀት አለኝ።»

ወረቀቱ አላት፣ እውነቷን ነው። ሠላሳ ዓመት ካለፋት በኋላ ነው ሐኪም ለመዘንጋቷ ስም ያወጣለት። ኤዲኤችዲ። ስሙን ጠርቼ ሳልጨርስ የኔም ሐሳብ ይበተናል። እኛ ድሮ «ዝንጉ»፣ «ቀዥቃዣ» ብለን እንገላገል ነበር... ጠዋት ቁርሷን በልታ አንዲት ክኒን ትውጣለች፤ ቀኑን ሙሉ ልቧ ይሰበሰባል። ማታ የክኒኑ ኃይል ሲያልቅ ሪሞቱ ፍሪጅ ይገባል።

ሥራዋ አሳንሰር መጠገን ነው። ሜክሲኮ አደባባይ ካሉት ፎቆች የስንቱን ሆድ ዕቃ ታውቀዋለች። እኛ ግን የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በደረጃ። ጉልበቴ ይህን ቀልድ አልወደደውም።

ነገ ሁዳዴ ይገባል። ለቅበላ ሥጋ ገዝታ ታክሲ ውስጥ ረስታው መጣች። በእንቁላል ተቀበልን።

የካቲት 17

ጾም ገባ። እኔ እንደ ልማዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አልቀምስም። በዚህ ዕድሜዬ! እሷ ግን ጠዋት ሽሮዋን አቅርባ፣ ክኒኗን ከጎኑ አስቀምጣ...

«ጉድ ነው፣ ቁርስ የሚበላ ጾመኛ በዓይኔ አየሁ» አልኳት።

«ክኒኑ በባዶ ሆድ ያመኛል አባባ።»

«አይ፣ ብዪ ብዪ። ጾሙን እኔ ላንቺም ደርቤ እጾምልሻለሁ። በኋላ ገነት በር ላይ ስትደርሺ የኃይለመለኮት የልጅ ልጅ ነኝ በያቸው።»

ሳቀች። ሽሮውን ግን ሳትጨርስ ተነሳች። አየሁ... ያየሁትን ደስ ብሎኝ ነው ያየሁት።

የካቲት 20

ሃኒ ቁርስ ተወች። ክኒኑንም ተወች። ስልኳ ላይ አንድ ሰውዬ አግኝታለች፤ ነጭ ጋውን ለብሷል፣ ምን እንደሆነ ግን አይናገርም። ሆድ ሁለተኛ አእምሮ ነው ይላል። አንጀት ሲያርፍ ጭንቅላትም ይጠራል፣ መድኃኒት አያስፈልግም ይላል።

«ስለዚህ ጾሙ ራሱ መድኃኒቴ ነው» አለችኝ። «ደግሞ እርስዎም ከማሾፍ ያርፋሉ።»

«ጎበዝ!» አልኳት። «እንዲህ ነው የኔ ልጅ።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስትደውል ድምጿ ደክሟል። ምን በላሽ ስላት ማኪያቶ አለችኝ። የጾም ማኪያቶ። ሆድ ውስጥ ያለውን ሁለተኛ አእምሮ በቡና ልታስተምረው ነው መሰለኝ።

የካቲት 23

ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ወርጄ አብዱልሃሚድ ዘንድ ተቀመጥኩ። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ በአንድ ሱቅ ውስጥ፣ እሱ ሱሪ እኔ ኮት እየሰፋን ነው ያረጀነው። ረመዳንም ትናንት ገብቷል። ሁለት ጾመኛ ሽማግሌዎች ምንም ሳንቀምስ ስለ ምግብ አወራን። የሃኒን ነገር በኩራት ነገርኩት። አልሳቀም።

«የታመመ ሰው እኛ ዘንድ ጾም የለበትም። እናንተ ዘንድስ?»

«እኛም ዘንድ የለበትም። ግን ሃኒ ምኗ ታመመ? ደረጃውን እየሮጠች ነው የምትወጣው።»

«ታዲያ ክኒኑን የምትውጠው ለምግብ ማጣፈጫ ነው?»

   ወሬውን ወደ እግር ኳስ አዞርኩት። ጥያቄው ግን አብሮኝ ደረጃውን ወጣ።  

የካቲት 27

ከሰዓት ጋደም ብዬ ሽታ ቀሰቀሰኝ። ጋዝ። ወጥ ቤት ሄድኩ። የምድጃው ቁልፍ ተከፍቷል፣ እሳት የለም። ሃኒ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብቅ ብላ ሻይ ልትጥድ አስባ፣ ክብሪት ልታመጣ ዞራ፣ ስልክ ተደውሎላት... ሄዳለች። መብራት ላበራ እጄን ዘረጋሁ። ማብሪያው ጋ ሊደርስ ሲል፣ ብልጭታውን አስቤ መለስኩት። ምድጃውን ዘግቼ፣ መስኮት ከፍቼ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። 

ማታ ነገርኳት። በቀልድ። «ሽማግሌ በጋዝ ልታጥኚ ነበር?» አልኩ። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ለምን ክኒንሽን...» ብዬ ጀመርኩ።

«ገና ሳምንቴ ነው፣ እስኪለምደኝ ነው አባባ። አንጀት እስኪታደስ ጊዜ ይወስዳል ብሏል።»

 ምን ልበላት? ጎበዝ ያልኳት እኔ።

መጋቢት 1

የቤቱ ቁልፍ በውጭ በኩል በሩ ላይ ተሰክቶ አድሯል። ማንም አልገባም። ማንም አልገባም... ለራሴ ነው የምደጋግመው።

መጋቢት 3

ስትወጣ ጠንካራውን የሥራ ባርኔጣዋን ረስታ ከደረጃው ተመለሰች። ቀጥሎ የመሣሪያ ቦርሳዋን። ቀጥሎ ስልኳን። በሦስተኛው ላይ «ራስሽንስ ይዘሻል?» አልኳት። ሁለታችንም ሳቅን። ከሄደች በኋላ በረንዳ ላይ ቆሜ እስክትሰወር አየኋት። መኪና ሳታይ ነው መንገድ የምትሻገረው። ሁልጊዜ እንዲህ ነበረች? ወይስ ዛሬ ገና ማየቴ ነው?

መጋቢት 4

 

ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። አብሯት የሚሠራው ፈሀድ። ከኋላው ሃኒ። እሷ ቁልፍ እያላት እሱ ለምን ያንኳኳል?

«አባባ፣ ደህና ናት። በእግሯ ነው የወጣችው» አለኝ ገና ሳልጠይቀው።

ገብታ ተቀመጠች። ሁሉን ፈሀድ ነው የነገረኝ። በአሳንሰሩ ጉድጓድ ውስጥ፣ ሳጥኑ ጣሪያ ላይ ቆመው ነው የሚሠሩት። አንደኛው የማቆሚያውን ቁልፍ ተጭኖ ነው ሥራ የሚጀመረው። ዛሬ ተራው የሷ ነበር። እጇን ሰድዳለች፣ በመሐል ሐሳቧ ወደ ሌላ ሄዷል... አልተጫነችውም። ከላይኛው ፎቅ አንድ ሰው አሳንሰር ጠራ። ይዟቸው ወደ ላይ ሄደ። ፈሀድ ዘሎ ማቆሚያውን መታው።

«ከዚያ ደረሳችሁ?» አልኩት። ሞኝ ጥያቄ። የት ነው የሚደረሰው?

ፈሀድ ባርኔጣዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። አናቱ ተፍቋል። የጉድጓዱ ጣሪያ ኮንክሪት ነው የፋቀው። ጣቴን አስኬድኩበት። የልብስ ሰፊ ጣት ነው፣ ያውቃል... ከዚያ በታች እስከ ጭንቅላቷ የቀረው ከአንድ ካፖርት ውፍረት አይበልጥም።

ፈሀድ ከሄደ በኋላ «ራበኝ» አለች። እንደ ልጅነቷ። የጠዋቱን ምስር አሙቄ ሰጠኋት። እየበላች አለቀሰች። አለቃዋ የሐኪም ወረቀት ሳታመጣ ጉድጓዱ ውስጥ እንዳትወርድ ከልክሏታል። ይባረክ።

«ጎበዝ ብለውኝ ነበር» አላለችኝም። ብትለኝ ይሻል ነበር።

መጋቢት 5

የንስሐ አባታችን ጋ ሁለቱንም ይዤ ሄድኩ። እሷንና ጥፋቴን ማለቴ ነው። አባ ነገሩን ሰሙና ተቆጡ።

«ሐኪም ያዘዘላትን መድኃኒት ትዋጥ። ቁርሷን ትብላ። ከሥጋና ከወተቱ ትከልከል፣ ይበቃታል። ማነው ያሳቀቃት?»

«የሰፈር ሰው ነው አባ» አልኩ።

ሃኒ ጣራ ጣራ አየች።

«የሰፈር ሰው ምላሱን ይሰብስብ» አሉ፤ እያዩ ያሉት ግን እኔን ነው። ስትወጣ እኔን ወደ ኋላ አስቀሩኝ። ያሉኝን አልጽፍም፤ ለጊዜው።

መጋቢት 8

ሐኪሟ ጋ ሄድን። ወጣት ሴት ናት፣ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። የስልኩን ሰውዬ ነገር ሃኒ አንድ በአንድ ነገረቻት። ትስቃለች ብዬ ጠበቅኩ፤ አልሳቀችም።

«ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም» አለች። «ሆድና ጭንቅላት ይነጋገራሉ። አንጀት ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን ነገሮች አሉ፤ ኤዲኤችዲ ባላቸው ሰዎች ላይ ለየት ይላሉ ያሉ ጥናቶች አሉ። ልዩነት አላየንም ያሉም አሉ። ገና እየተጠና ያለ ነገር ነው። ባዶ ሆድ፣ ቡና ብቻ፣ እንቅልፍ ማጣት ግን ትኩረትሽን እንደሚያባብሰው አንቺው ራስሽ አይተሻል። በደንብ መብላት ያግዛል። መድኃኒትሽን ግን አይተካም። ማቆም ስትፈልጊ እኔን ጠይቂኝ፣ ስልክሽን አይደለም።»

ምን ትብላ አልኳት። ምስር፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ ያው የተቦካው እንጀራችን አለች። ጾሙ አይከለክልም፤ ሰዓቱ ነው የሚጎዳት።

«እነዚያ ሆዷ ውስጥ ያሉት ትንንሾች፣ እነሱስ ምን ይበላሉ?» አልኩ።

«እሷ የምትበላውን ነው አባቴ።»

«እንዲህ ከሆነ ብዙ እንግዳ አለብን። ሽሮው ይጨመር።»

ሐኪሟ ሳቀች፣ ሃኒም ሳቀች። እኔም ሳቅኩ።  ስፈራ አፌ ይፈታል። ሰባ ምናምን ዓመቴ ነው፤ ይህን ስለ ራሴ ያወቅኩት በዚህ ሳምንት ነው።

መጋቢት 9

እኔም ሐኪም ጋ ሄድኩ። ዶክተር ክርስቲያን ይባላል። ግፊቴን ለካ፣ ቅንድቡን ሰቀለ። «በዚህ ዕድሜዎ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ? አይሆንም። ከዛሬ ጀምሮ ቁርስ ይበላሉ፣ ያውም ከሰው ጋር» አለኝ። ትዕዛዝ ነው፣ ምን ይደረጋል። ለሃኒ ማታ ሐኪም ጋ እንደሄድኩ እነግራታለሁ፤ ቁርሱን ግን ጠዋት ታየዋለች።

መጋቢት 10

ጠዋት ሽሮው ቀረበ። ሃኒ ማንኪያዋን ይዛ ክኒኗን እያየች ተቀምጣለች። እንደ ሌባ ነው አቀማመጧ። ያንን ያደረግኩት እኔ ነኝ። ወንበሬን ስቤ ተቀመጥኩ። ቆረስኩ።

«አባባ! ምን ሆኑ?»

«ግፊት። ዶክተሩ አዞኛል።»

«የትኛው ዶክተር?»

«ዶክተር... ሁመድ።»

«ትናንት ማታ ክርስቲያን ነበር ያሉኝ።»

«ሁመድ ክርስቲያን። ዝም ብለሽ ብዪ።»

  ቆረሰችና አንድ ትልቅ ጉርሻ አፌ ውስጥ ከተተች። በላን።

መጋቢት 21

ኢድ። አብዱልሃሚድ ዘንድ ተጠራሁ። ለኔ የጾም ምግብ ለብቻ አሠርቶ ነው የጠበቀኝ። ቁርስ በልቼ እንደመጣሁ ስነግረው «አልሐምዱሊላህ፣ ሽማግሌው አደገ!» አለ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ፊት።

ሃኒ ክኒኗን አላቋረጠችም። ምስሩንም። ሪሞቱ ማታ ማታ ወንበሩ ላይ ይገኛል። አንድ ቀን ብቻ መታጠቢያ ቤት አገኘሁት።

ሚያዝያ 3

ሐኪሟ ወረቀቱን ጻፈችላት። ዛሬ ወደ ጉድጓዱ ተመለሰች።

ጠዋት አብረን በላን።  አትሂጂ ልላት ነበር፤ አልኩትም በሆዴ። በአፌ ግን «አሳንሰሩን ሰላም በይልኝ፣ እኛ ቤትም ይምጣ በይው» አልኳት። አዲሱን ባርኔጣ አደረገች። አሮጌውን ኩሽና ውስጥ ምስማር ላይ ሰቅላዋለች፣ ክኒኑ ካለበት በላይ።

ተስማምተናል። ማቆሚያውን በተጫነች ቁጥር ሚስኮል ታደርግልኛለች። ፈሀድ ስቆባታል፤ ይሳቅ። ስልኩን ይዤ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። አይጮህም። ባትሪውን አየሁ። ኔትወርኩን አየሁ። የተፋቀው ባርኔጣ ትዝ አለኝ... ጸሎት ጀመርኩ፣ ቃሉ ጠፋኝ። ስልኩ አንዴ ጮኸና ተቋረጠ።

እንደዚያ ያለ ቆንጆ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።

ደጋግሞ ጮኸ ዛሬ። ክኒኑ ይሁን፣ ቁርሱ ይሁን፣ እነዚያ ትንንሾች ጠግበው ይሁን... አላውቅም። ሐኪሟም በርግጠኝነት አልነገረችኝም። ስንት ጊዜ ዘነጋች፣ አሁንም ትዘነጋለች። ፍርሃቴም አልሄደም። ግን አሁን ጠዋት አብሮን ቁጭ ብሎ ይበላል።

አንድ ነገር ላርም። ዶክተር ክርስቲያን የሚባል ሰው አላየሁም፤ ዶክተር ሁመድንም። ግፊቴንም ማንም አልለካም። የመጋቢት 9ኙ ፈጠራ ነው። መጋቢት 5 ቀን አባ ወደ ኋላ አስቀርተውኝ ያሉኝ «በዚህ ዕድሜዎ ማን ጹሙ አለዎት? ከልጅቷ ጋር ይብሉ» ነው። ፈቃዱ የሳቸው ነው። ለሃኒ ግን ካህን አዘዘኝ ብላት በኔ ምክንያት ጾም ፈቱ ብላ ታዝናለች። ስለዚህ ሐኪም ፈጠርኩ፤ ውሸቱን ለሷ ከመናገሬ በፊት እዚህ ጽፌ ተለማመድኩት። እንደምታዩት አልረዳኝም፤ ስሙን እንኳ አልያዝኩም።

የቀረው እውነት ነው። ሪሞቱም፣ ፍርሃቱም።