የአማቴ ንጽሕና በኦም ሲሰላ

ለተከበሩ የሰፈራችን የመብራት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና መብራቱ ሲደክምባቸው በመስኮት ብርሃን ለሚጽፉት ሠራተኞችዎ ሁሉ ሙሉ ጤንነትን ከልብ እመኛለሁ። እኔ የሰፈራችንን ልጆች ፊዚክስ የማስተምረው ደንበኛዎ፣ ከእፍረት በቀር የሚያመኝ ነገር የለም። ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እንዲያነበው ያወጣሁት ክቡርነትዎን ለመክሰስ አይደለም፤ በቅርቡ ስለላኩልን ባለማኅተም ምላሽ ሳላመሰግን ብቀር ነውር ስለሚሆንብኝ ነው።

1. ባለቤቴ በቅርቡ ወልዳ እናቷ ሊያርሷት ቤታችን መጥተው ነበር። አማቴ የሕፃኑን መታጠቢያ ውሃ በኤሌክትሪክ ምድጃችን ላይ ይጥዳሉ፣ ይጠብቃሉ፣ ጣታቸውን ነከር ያደርጋሉ፣ ውሃው ግን ለብ ከማለት አያልፍም። ለጽሕፈት ቤትዎ ባመለክት የላኩልን ባለሙያ፣ እግዚአብሔር ይስጠውና፣ ጎንበስ ብሎ ምድጃውን አየው፤ ቮልቴጅ የሚለካበትን ቴስተር ግን ከቦርሳው አላወጣም። ከዚያ ቀና ብሎ አማቴን አየና «እማማ፣ ውሃ እየደፉበት እኮ ነው» ብሏቸው ሄደ። ብዙም ሳይቆይ እርስዎ የፈረሙበት ወረቀት ደረሰን፤ ቮልቴጁ መደበኛ መሆኑን፣ ጉዳቱም የደረሰው ምድጃውን በሚጠቀሙት አዛውንት የአያያዝ ጉድለት መሆኑን ይገልጻል። እኛ መምህራን ሳንለካ ምንም የማናውቅ ምስኪኖች ነንና፣ እርስዎ ከጠረጴዛዎ ሳይነሱ የእኛን ግድግዳ ቮልቴጅ ማወቅዎ እጅግ አስደንቆኛል።

2. እፍረቴ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ወረቀቱን አመንኩት። ማመን ብቻ ሳይሆን እንኳን ማርያም ማረችሽ ሊሉ የመጡ ጎረቤቶች ተቀምጠው ሳለ ለአማቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸውና ከእንግዲህ ከምድጃው ራቅ ቢሉልን እንደሚሻል በትሕትና ነገርኳቸው። እሳቸውም «ልጄ፣ እኔ ጠብታ አላፈሰስኩበትም» አሉ። ጎረቤቶቹ ሲወጡ ልብሳቸውን በፌስታል አድርገው ወደ ታናሽ ልጃቸው ቤት ሄዱ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው እንደ እኔ ላለው ነው፤ እርስዎን መጠየቅ ፈርቼ በአንዲት አሮጊት ላይ በረታሁ። ባለቤቴ ሕፃኑን እያጠባች፣ ወደ እኔ እንኳ ሳትዞር፣ «ለተማሪ የምታስተምረውን ሂሳብ እስቲ ለእናቴም አስላላት» አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

3. ከትምህርት ቤት የኤሌክትሪክ መለኪያ ተውሼ አሰላሁ። የምድጃው ጀርባ 220 ቮልት፣ 1100 ዋት ይላል። ዋቱ ለቮልቱ ሲካፈል አምስት አምፔር ከረንት ይሆናል፤ ቮልቱ ለአምፔሩ ሲካፈል ደግሞ 44 ኦም ይመጣል፣ ይህም የሚግለው ሽቦ ጤነኛ ሲሆን የሚኖረው ሬዚስታንስ፣ ማለትም ከረንቱን የመቋቋም አቅሙ ነው። ምድጃውን ሰክቼ ስለካ ከግድግዳችን የሚመጣው 132 ቮልት፣ በሽቦው የሚያልፈውም ሦስት አምፔር ሆኖ አገኘሁት። 132 ለሦስት ሲካፈል ያው 44 ነው። ሽቦው ከፋብሪካ እንደወጣ አለ፤ ጥፋቱ የምድጃውም የአማቴም አይደለም። 132 በሦስት ሲባዛ ግን 396 ዋት ብቻ ነው፣ ከሚገባን ሲሶውን ጥቂት ቢያልፍ ነው፣ በዚህ ደግሞ እንኳን ውሃ ሊፈላ ሰውም አይሞቀው። ይህን ማካፈልና ማባዛት በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ፣ የተሳሳተውን ተማሪ እየተቆጣሁ የኖርኩ ሰው፣ በገዛ ቤቴ አንዴ እንኳ ሳላካፍል በሰው እናት ላይ ፈረድኩ።

ስሌቱን ይዤ አማቴ ዘንድ ሄድኩና እግራቸው ላይ ወደቅኩ። ቁጥሩን አንድ በአንድ ሳስረዳቸው በትዕግሥት ሰሙኝና «ቁጥሩ ደህና ነው ልጄ፤ ግን እኔ ስነግርህ ለምን አልበቃህም?» አሉኝ። ይቅርታውን አላስቀሩብኝም፤ መመለሱን ግን እንቢ አሉ። «በማኅተም የጠፋ ስም በአማች አፍ አይመለስም» ነው የሚሉት። ባለቤቴ ገና አልጠነከረችም፣ ሕፃኑ በእኔ እጅ ሲታጠብ ጎረቤት እስኪሰማ ያለቅሳል፣ ባለቤቴና እናቷም በእኔ የተነሳ ተለያይተዋል።

4. ይህኛው ቅሬታ ሳይሆን ልመና ነው። ቮልቴጁን ያስተካክሉልን ብዬ አላስቸግርዎትም፤ ለብ ባለ ውሃ መኖር ለምደናል። የምለምነው አንዲት መስመር ብቻ ነው፦ «አዛውንቷ ምድጃውን አላበላሹም» ብለው ይጻፉልኝ፣ ማኅተምም ያሳርፉበት። እኔም ያንኑ ጎረቤት ሰብስቤ፣ በዚያው ድምፅ አነበዋለሁ። ከሁለታችን አንዳችን ማፈር ነበረብን፤ ክቡርነትዎ ሥራ ስለሚበዛብዎት ድርሻዎን እስካሁን እኔ ይዤልዎታለሁ፣ ሲመችዎት ልከው ያስወስዱታል።

ሳይለካ የተፈረደውን ሁሉ አሜን ብሎ የሚቀበለው፣ በሙሉ ቮልቴጅ የሚያከብርዎት ደንበኛዎ፣
አማቱን ያስከፋው የፊዚክስ መምህር

ማሳሰቢያ፦ ምላሹ የዘገየው መብራት ጠፍቶ ነው እንዳይሉኝ አደራ። ማኅተም የሚመታው በእጅ ነው።